የጾም ቅቤ

ድምፄ ጥሩ ነበር። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ምነው ባልኖረኝ ያልኩበት ጊዜ ይበልጣል። ልጅ ሳለሁ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መሃል የዚህች ልጅ ድምፅ ተለይቶ ይሰማል ይሉ ነበር። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ታሸገ፣ መዝሙርም መስኮት ተዘግቶ በየጓዳው የሚንሾካሾኩት ነገር ሆነ። ድምፄ ሥራ ፈታ። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል፤ እኛ ጴንጤዎች መነኩሴ ባይኖረንም ተረቱ ግን አልማረንም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ከባቡር ጣቢያው በታች በሚገኝ አንድ ጅምላ መደብር ተቀጠርኩ። ከተማችንን ያኔ አዳማ የሚላትም ናዝሬት የሚላትም ነበር፤ በእኛ ሰፈር ናዝሬት ናት። አንድ ቀን አለቃዬ፣ ጋሪ ላይ ሳሙና ጭኖ የሄደ ሰው ስጠራ ሰማኝ። ጋሪው መንገዱን አጋምሶ ነበር፤ ሰውዬው ግን ፈረሱን ገታ አድርጎ ዞረ። አለቃዬ ሳቅ ብሎ አየኝና በሳምንቱ ከፒክአፑ ጋቢና አስቀምጦ ማይክራፎን አስያዘኝ። ጣሪያው ላይ ሁለት ጡሩምባ ነበር። ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን ሞጆ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ አንዳንዴም ቡልቡላ ድረስ እየወረድን ሳሙና፣ ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይና የፕላስቲክ ጫማ ሳስተዋውቅ እውል ጀመር።

በዚያ ዘመን ከጡሩምባ የሚወጣ ነገር ቀልድ አልነበረም። ስብሰባ ውጡ የሚለው ቀበሌ ነው፤ ስኳር መጥቷልና ተሰለፉ የሚለውም ቀበሌ ነው። ሰው ከጡሩምባ ጋር ተከራክሮ አያውቅም፤ ልቡ ባይቀበለው እንኳ እግሩ ይሄዳል። ይህ ነገር ቶሎ ገባኝ። መጀመሪያ ድምፄን እንደ ቀበሌ ጸሐፊ ኮስተር አደርግና «ውድ የአካባቢው ነዋሪዎች» ብዬ እጀምራለሁ። ሰዉ ቀጥ ይላል። ከዚያ ድምፄን አለሳልሼ ስለ ሳሙናው አወራለሁ። ሰዉ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ቀጥሎ እፎይ ይላል፣ እፎይ ያለ ሰው ደግሞ ይገዛል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። በራሴ ሳገኘው እንዴት እንደኮራሁ ዛሬ ሳስበው ፊቴን ይግለኛል።

ጣሳዎቹ የመጡት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው። በውስጣቸው ያለው ቅቤ የሚመስል፣ ቢጫ፣ የሚረጋ ቅባት ነው። አለቃዬ ለገና ብሎ አዝዞት ወደብ ላይ ከርሞ፣ በባቡር ናዝሬት የደረሰው በቅበላ ሳምንት ሆነ። መጋዘኑ ሞላ። ጾም የያዘ ሰው ቅቤ አይገዛ፤ የናዝሬት ሙቀት ደግሞ ፋሲካ እስኪደርስ አያስቀምጥ። አለቃዬ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጢሙን ይጎትት ጀመር። ምግብ አልበላ ብሎት እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ደግ ሰው ስለነበር አሳዘነኝ።

አንዱን ጣሳ አንስቼ አገላበጥኩት። ጽሑፉ የማላውቀው ፊደል ነው። ሥዕሉ ግን ትልቅ ቢጫ አበባ ነበር።

«ይሄ እኮ ሱፍ ነው» አልኩ። «ሱፍ ደግሞ የጾም ነው። ለምን የጾም ቅቤ አንለውም?»

አለቃዬ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ተነስቶ ግንባሬን ሳመኝ። ሱፍ ፍትፍት ሲበላ ላደገ ሰው አበባውን አይቶ ጾም ነው ማለት ምን ይገርማል? ከየት አገር እንደመጣ፣ እዚያ ምን ምን እንደሚቀላቅሉበት የጠየቀ የለም። እኔ አልጠየቅኩም። እኔ ራሴ ጾም አልጾምም፤ በእኛ ቤት ሁዳዴ ማለት ጎረቤት እንዳይከፋው የሥጋ ወጥ በር ዘግቶ መሥራት ነው። ግን ቅቤ የናፈቀው ምላስና ኃጢአት የሚፈራ ልብ በአንድ ሰው ውስጥ እንደሚኖሩ አውቅ ነበር። እነዚያ ሁለት ቃላት ሁለቱን ያስታርቃሉ። ይህን አውቄ ነው ያልኩት።

ፈቃድ ልንጠይቅ ቀበሌ ስንሄድ ሊቀመንበሩ ማስታወቂያውን አንብቢልኝ አለኝ። በየስብሰባው ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ ነው እያለ የሚያስተምር ሰው ነው። «የጾም» የምትለው ላይ ስደርስ ይቆጣል ብዬ ቃሏን ቶሎ አለፍኳት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና ማኅተሙን መታበት፤ ሲሸኘን ባለቤቱ ጾመኛ መሆኗን ለአለቃዬ በጆሮው ነግሮ ሁለት ጣሳ አስቀረ።

በመጀመሪያው ሳምንት የመጋዘኑ ግማሽ አለቀ።

ከአጥራችን ማዶ አንዲት ባልቴት ነበሩ። እማማ ነው የምላቸው። ባላቸው ከሞተ ቆይቷል፤ ያላቸው አንድ ልጅ ነው፣ እሱንም ባለፈው ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውታል። ሰሜን እንዳለ እንጂ የት እንዳለ አይታወቅም። ደብዳቤው ካቆመ ቆየ። እማማ ለማርያም ተስለው ነበር፦ ይህን ሁዳዴ አንዲት ቀን፣ አንዲት ጉርሻ ሳላጎድል እጾማለሁ፣ አንቺ ልጄን በእግሩ አምጪልኝ ብለው። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ስለቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ምክንያቱም እማማ ከእግዜር ጋር ያላቸውን ጉዳይ ለሰው አይደብቁም፤ አጥር ላይ ተደግፈው «እኔ የበኩሌን እያደረግሁ ነው፣ ቀሪው የሷ ነው» ይሉ ነበር።

ከእኛ ጋር ያላቸው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ጴንጤ መሆናችንን ያውቃሉ፣ በማርያም ስለማናምን በየቀኑ ይነታረኩናል፤ ግን አብዮት ጠባቂ ሲመጣ የመዝሙር ደብተሮቻችንን ከሽሮ እንስራቸው ውስጥ የሚቀብሩት እሳቸው ናቸው። «ሃይማኖታችሁ ጠማማ ነው፣ እናንተ ግን ልጆቼ ናችሁ» ይሉናል።

ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ጉልበታቸው ከዳቸው። ጤና ጣቢያ ሄደው ቅባት ያለው ምግብ ይብሉ ተባሉ። እሳቸው ሳቁ። እኔ በማግስቱ አንድ ጣሳ ይዤ ሄድኩ። «የሱፍ ነው እማማ፣ ወተት ያልነካው ነው» አልኳቸው፤ ሳላስበው ልክ በማይክራፎኑ እንደምለው አድርጌ ነበር ያልኩት። አሸተቱት፣ ቅቤ ቅቤ ይላል ብለው ትንሽ አመነቱ፣ ከዚያ ፊቴን አዩና በማንኪያ አንስተው ሽሮው ላይ ጣል አደረጉበት። በሳምንቱ አጥሩ ላይ ቆመው ጉልበቴ ተመለሰ፣ እግዜር ይስጥሽ ልጄ አሉኝ። እንዲህ የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ማስታወቂያዬ ሰው አዳነ ብዬ አሰብኩ።

ቀጥሎ የሆነው መቂ ገበያ ላይ ነው። በኦሮምኛ «አካም ቡልታኒ» ብዬ ሰላምታ ሰጥቼ፣ በአማርኛ ቀጥዬ፣ ሰዉ ፒክአፑን ከቦ ሲገዛ፣ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ መስኮቱ ቀረቡ። ወተት የለበትም ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለበትም አልኩ። ዘይት ይሁን ሞራ በምን አወቅሽ አሉ። ሱፍ ነው አልኩና ሥዕሉን አሳየሁ። ሥዕሉን አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያው በማርያም በይና ልግዛ።»

ጣሳ ሊያነሱ እጃቸውን የዘረጉት ሁሉ መልሰው ሰበሰቡ። ማይክራፎኑ እጄ ላይ ክፍት ነው። እኔ በሕይወቴ ምዬ አላውቅም፤ በእኛ ቤት መማል ነውር ነው፣ በማርያም መማል ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። አልምልም ብል ሰዉ ከሁለት አንዱን ይላል፦ ወይ ቅቤው ወተት አለበት፣ ወይ ልጅቷ ጴንጤ ናት። በዚያ ጊዜ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነበር። አለቃዬ መሪውን ይዞ በጎን ያየኛል።

«በማርያም» አልኩ።

ጡሩምባው ቃሉን ይዞት እስከ ከብት ተራው ድረስ ሄደ። ሽማግሌው ዱላቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው ገዙ፤ ከእሳቸው ኋላ የቆመው ሰው ሁሉ ገዛ። እኔን ማንም አላመነኝም፤ ያመኑት ማርያምን ነው። እኔ የማላምንባትን እሷን አስይዤ ሸጥኩላቸው።

ስንመለስ ሞጆ አካባቢ አለቃዬን ጠየቅኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ጋሼ፣ ወተት የለበትም አይደል?»

መንገዱን እያየ ትንሽ የወተት ዱቄት ሳይኖርበት አይቀርም አለኝ። ያስመጣለት ሰው ለጣዕም ጣል ያደርጉበታል ብሎ ነግሮታል። ለምን አልነገሩኝም ስለው አልጠየቅሽኝም አለ። እሱም እውነቱን ነው። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «ደግሞ እናንተ ጾም የልብ ነው አይደል የምትሉት?» አለኝ።

ብቆጣ ደስ ይለኝ ነበር። አልተቆጣሁም። መልሱ ተመቸኝ። እቤት እስክደርስ ድረስ በልጅነቴ የተማርኩትን ሁሉ እየቆፈርኩ አወጣሁ፤ ምግብ ሰውን አያረክስም፣ እግዚአብሔር ልብን ነው የሚያየው፣ የሽማግሌው ልብ ደግሞ ንጹሕ ነው። እንዲህ እያልኩ ቅቤውን ለራሴም አስተዋወቅኩት ማለት እችላለሁ። ድምፄ ለሌላው የሠራውን ለእኔም ሠራ።

አንድ ጊዜ ግን ሞክሬያለሁ። ዝዋይ ላይ «የጾም» የምትለዋን ትቼ ቅቤ፣ ጥሩ ቅቤ ብቻ ብዬ ተናገርኩ። አንድ ሰው አልመጣም። አለቃዬ ምነው ታመምሽ እንዴ አለኝ። እኔም ቃሌን መልሼ አነሳሁት፣ ሰዉም ተመለሰ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቡልቡላ ስንደርስ ደግሞ የማላውቀው ነጋዴ ከሌላ መኪና ላይ ሌላ ዓይነት ጣሳ ይዞ የጾም ቅቤ እያለ ይጮሃል። በእኔ ዜማ። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ የራሱን እግር አብቅሎ ነበር። ብተወውም የማይቆም ነገር ሆነ፤ ይህንንም ለራሴ እንደ ማጽናኛ ቆጠርኩት።

ማስታወቂያ ሰውን ያታልላል ሲባል እሰማለሁ። እኔ እንዳየሁት ሰው የሚታለለው ባዶ ልቡን ይዞ አይደለም። የሚፈራው ነገር አለ፣ የሚወደው ነገር አለ፤ ማስታወቂያ ነጋሪዋ በዚያ በር ነው የምትገባው። ሰው ቤቱን የሚቆልፈው ሌባ ፈርቶ ነው፤ ለማርያም ግን ይከፍታል።

የእማማ ጣሳ አለቀ። በአጥሩ በኩል ጠርተው፣ ያንን ቅቤሽን ካገኘሽልኝ እስከ ፋሲካ ያደርሰኛል አሉኝ። ቆሜ አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ደም ተመልሷል። አሁን ብናገር ያለፈው ሁሉ ሊገደፍባቸው ነው፤ ዝም ብዬ ባላመጣ ደግሞ ለምን ብለው ይጠይቃሉ። እሺ እማማ አልኩ። በማግስቱ ሁለተኛውን ጣሳ አመጣሁ። የመጀመሪያውን ስሰጥ አላውቅም ነበር። ሁለተኛውን ግን ምን እንደሆነ እያወቅኩ ከፍቼ፣ በጨርቅ ጠርጌ፣ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። መረቁኝ። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

ፋሲካ መጣ። እማማ ነጭ ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በራችን ላይ ቆመው፣ «አንዲት አላጎደልኩም» አሉ። እናቴ ጴንጤነቷን ረስታ እልል አለች።

መርዶው የመጣው በክረምቱ መጀመሪያ ነው። ከልጁ ጋር የነበረ አንድ ወታደር እግሩን ቆስሎ ተመለሰና ለዕድር ሽማግሌዎች ነገራቸው፤ እነሱ ማለዳ ተሰብስበው ሄደው ነገሯቸው። ልጁ የሞተው በዚያው ሁዳዴ ውስጥ ኖሯል።

እማማ እንደ ሌላ ሰው አላለቀሱም። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብለው የገባውን ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቁ ነበር፦ ምኑ ጋ ነው የጎደለብኝ? አንድ ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አፌን ስጉመጠመጥ ውሃ ሳልውጥ አልቀርም፣ እሱ ይሆን? ሆሳዕና ዕለት ቆሜ ሳስቀድስ የልጄን ጫማ ነበር የማስበው፣ እሱ ይሆን? ሰዉ «አይደለም እማማ፣ የእግዜር ፈቃድ ነው» ይላቸዋል። እሳቸው አይሰሙም። እኔ ወለሉ ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ውሃ አቀርባለሁ፣ ብርጭቆ እሰበስባለሁ። ወደ እኔ ሲዞሩ ትሪውን አንስቼ እወጣለሁ። እኔን ግን አንድም ቀን አልጠየቁኝም። የእኔ ነገር ከሚጠረጠሩት ውስጥ አልነበረም።

ቅባት ውስጥ ያለ የወተት ዱቄት ሰሜን ያለ ወታደር ይገድላል ብዬ አላምንም። ያኔም አላመንኩም። ግን ምን እንደማምን ማን ጠየቀኝ? ጥያቄው እሳቸው ምን ያምናሉ ነው። እሳቸው ደግሞ ከራሳቸው ድርሻ አንዲት ነገር ስለጎደለች ልጃቸው እንደሞተ ያምናሉ፤ የጎደለችው ነገር ምን እንደሆነች ከሰው ሁሉ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ እማማ እንጀራ ተዉ። የጎደለውን ካላወቅኩት ሁሉንም እክሳለሁ ብለው ቆሎና ውሃ ብቻ፣ እሱንም ከመሸ። የንስሐ አባታቸው መጥተው ቢገዝቷቸው አልሰሙም። ጉንጫቸው ጎደጎደ። አጥሩን መደገፍ ትተው አጥሩ ይደግፋቸው ጀመር። እናቴ ሾርባ ይዛ ሄዳ እንዳለ መልሳ አመጣችው። ድስቱን አስቀምጣ፣ «እቺ ሴት ራሷን ልትገድል ነው። ምን ብንላት ትበላ ይሆን?» አለች። ያለችው ለእኔ አልነበረም፤ እንዲሁ ለግድግዳው ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ያህል ሕዝብ ፊት የማያፍር ድምፄ አልወጣ አለኝ፤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ከዚያ ነገርኳቸው። እርስዎ አላጎደሉም እማማ፣ ያጎደልኩብዎት እኔ ነኝ፣ ያ ቅቤ ወተት ነበረበት አልኳቸው።

ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

አሁን ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ድምፄም ለዚያ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ልስልስ ብሎ።

«ሁለተኛውን ጣሳ ሳላመጣልዎት በፊት» አልኩ።

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመቱኝ ደስ ይለኝ ነበር። እጃቸው ግን ጉልበታቸው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ሲናገሩ ቁጣ አልነበረበትም፣ የደከመው ሰው ድምፅ ነው።

«እስከ ዛሬ የተጣላሁት ከእግዜር ጋር ነበር። እሱ ሰፊ ነው ልጄ፤ ቀን ከሌት ባማርረውም ይችለኛል። አንቺን ግን ነገም በዚህ አጥር አይሻለሁ። አንቺን ምን ላድርግሽ?»

ግድግዳውን ይዘው ተነሱና ወደ ውስጥ ገቡ። በዚያው ቀን እናቴ የወሰደችላቸውን ሾርባ ተቀብለው ጠጡ። እናቴ ባዶውን ድስት ይዛ ስትመለስ እግዚአብሔር ይመስገን አለች፤ እኔም አሜን አልኩ።